ፕሮቶን ሰጪና ፕሮቶን ተቀባይ
(በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሲድና ቤዝ ነው። ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመኪና ባትሪና በረኪና በየሰፈራችን አሉ፤ ጠባያቸውን ካላወቅን ዓይናችንን ወይም ሳንባችንን ሊጎዱ ይችላሉ።

ብዙዎቻችን የተማርነው፣ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል የሚለውን ነው። ይህ የስዊድናዊው ሊቅ የአሬኒየስ ትርጉም ሲሆን ጠቃሚ ቢሆንም ጠባብ ነው። አሞንያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ የለውም፤ ሆኖም እርጥብ ቀይ ሊትመስን ሰማያዊ ያደርጋል። ታዲያ ቤዝ ያሰኘው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1923 የዴንማርኩ ብሮንስተድና የእንግሊዙ ሎውሪ፣ ለየብቻቸው ሠርተው አንድ መልስ ሰጡ። አሲድ ፕሮቶን የሚሰጥ፣ ቤዝ ፕሮቶን የሚቀበል ነው አሉ። የተለመደው የሃይድሮጅን አቶም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው፣ ኤሌክትሮኑን ሲያጣ የሚቀረው ፕሮቶን ነው። አሞንያ ይህን ፕሮቶን ከውሃ ይወስዳል፤ ፕሮቶኑን የሰጠው ውሃም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። እዚህ ላይ ውሃ አሲድ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገባበት ግን ያው ውሃ ፕሮቶን ተቀብሎ ቤዝ ይሆናል። ያለ ተቀባይ ሰጪ የለም። ስለዚህ ተማሪዎች፣ ጥያቄ ሲገጥማችሁ «ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ይኸው ጥያቄ በቤታችንም ይሠራል። ቃር ሲይዘን ሶዳ የሚያስታግሰን፣ ባይካርቦኔቱ ከጨጓራ አሲድ ፕሮቶን ስለሚቀበል ነው። የሚያስገሳን ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

በረኪና ውስጥ ያለው ሃይፖክሎራይትም ቤዝ ነው። ኮምጣጤ፣ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ ሲጨመርበት ፕሮቶን ይቀበልና መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላል። «ቢደባለቅ ይበልጥ ያጸዳል» ብለን በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አንቀላቅል። ሽታው ካፈነን ወዲያው ወደ ንጹህ አየር እንውጣ።

የባትሪ አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ቢፈስ፣ አሲዱን ያረክሳል ተብሎ የአመድ ውሃ አይደረግበትም። የአመድ ውሃ ቤዝ ስለሆነ ራሱ ያቃጥላል፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙም ሙቀት ይፈጠራል። መድኃኒቱ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ቦታ ይህ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ባትሪ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ቤተ ሙከራ ባይኖረንም ትምህርቱ በእጃችን ነው። ወላጆች፣ ማታ ልጆቻችሁን «ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ?» ብላችሁ ጠይቁልን።