ጠያቂ በዝቶ አስታማሚ እንዳይጠፋ

 በዋሽንግተንና አካባቢው ስንቶቻችን እንጀራችንን የምንበላው መሪ ጨብጠን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ታክሲ ነው፣ ኡበር ነው፣ የጭነት መኪና ነው። የመኪና አደጋ ያላንኳኳው ቤት ጥቂት ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ቤተሰብ ምን ቢያደርግ በሽተኛው ቶሎ እንደሚያገግም ነው።

«ኢንሹራንስ የለውም» ብላችሁ አትሸበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የድንገተኛ ክፍል አቅም ኖረም አልኖረም በሽተኛውን መርምሮ ማረጋጋት አለበት። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ሶሻል ወርከሯን የክፍያ እርዳታ ማመልከቻ ጠይቋት። አስተርጓሚም በነፃ ይገባችኋል። ልጆቻችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ፤ ሐኪሙ «አባትህ ላይተርፍ ይችላል» ሲለው ልጁ ቃሉን ውጦ ዝም አለ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ሰው መተንፈስ ያመዋል፤ ስለሚያመውም አጭር አጭር ይተነፍሳል። ሳንባው በደንብ ካልተከፈተ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው ነርሷ ያቺን ቱቦ ያላትን ፕላስቲክ የምትሰጠው፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ በውስጧ ያለችው ምልክት ከፍ ትላለች። ነቅቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል መሳብ አለበት። ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ደግሞ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቱ ሊያስነሳው ይመጣል። ይሄኔ እኛ «ኧረ ተዉት ይረፍ! ልጄን ልትገድሉት ነው?» እንላለን። አንጀታችን ስለማይችል ነው። ግን ተኝቶ በቆየ ቁጥር እግሩ ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻው ከእንቅስቃሴው ቀደም ብሎ እንዲሰጠው ነርሷን ጠይቁ፤ ፕላስቲኳንም አንሡና «በል አንዴ፣ ለእኔ ስትል» በሉት። ነርስ ብትለምነው እምቢ የሚል ሰው እናቱ ስትለው ይስባል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ጫጫታም ብርሃንም ያደክመዋል። ሃያ ሆነን ገብተን የአደጋውን ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲያወራ ባናደርገው ጥሩ ነው። ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ይመረጥ፤ ሌላው ዜናውን ከእሱ ይስማ።

ከሆስፒታል ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በድስት ይሞላል። በሁለተኛው ወር፣ ቴራፒ የሚያመላልሰው ሰው በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ማንም የለም። ሥራችን ስለማይፈቅድ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ቢያንስ 12 ወር፣ በዓመቱም 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ይሰጣል፤ ግን ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ለልጅ ነው። እዚህ ያለው ወንድም ብቻ ለሆነ ሰው አይረዳም። ዲሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን የዲሲው ክፍያ ያለው ፈቃድ ወንድምና እህትንም ያካትታል፤ ጠይቁ።

አጥንቱ ድኖም መኪና ውስጥ ለመግባት የሚፈራ፣ በቅዠት የሚባንን ሰው አለ። ከወር በላይ ከቆየበት የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ የደም ማቅጠኛውና የሚጥል በሽታ መከላከያው መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥ።

በሩ አጠገብ መዝገብ አስቀምጠናል። መኪና ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በሽተኛ ወደ ቴራፒ ማመላለስ የምትችሉ፣ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጽፋችሁ ውጡ።