ኪራዩ ዕዳውን ይከፍለዋልን?



አንድ ወንድማችን «የሚከራይ ቤት በባንክ ብድር ልግዛ፤ ኪራዩ ራሱ ዕዳውን ይከፍልልኛል» ሲል ምክር ጠይቆናል።

የመጀመሪያው መልስ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 275ኛው አንቀጽ ንግድን ሐላል፣ ወለድን ሐራም አድርጓል። ከወለድ በረካ አይጠበቅም።

ሒሳቡንም እንየው። ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ 1 ሚሊዮኑ ከኪስ፣ 2 ሚሊዮኑ በ15 በመቶ ወለድ። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 300 ሺህ ብር ይጠጋል። ኪራዩ በወር 15 ሺህ ቢሆን በዓመት 180 ሺህ ነው። ዋናው ብድር ሳይነካ 120 ሺህ ያህል ጎደለ ማለት ነው! ተከራይ ከለቀቀ ደግሞ ኪራዩ ይቆማል፤ የባንኩ ክፍያ ግን አይቆምም። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፣ ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በመያዣ የያዙትን ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል።

ጉድለቱን በተከራዩ ላይ መጫንም በደል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም አከራይ እንዳሻው ኪራይ እንዳይጨምር ገደብ አበጅቷል።

«ታዲያ ሐላሉ መንገድ የቱ ነው?» ትሉ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። በሙራበሓ ውል ባንኩ ንብረቱን አስቀድሞ ለራሱ ይገዛል፤ ከዚያም ትርፉን አሳውቆ በቁርጥ ዋጋ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጥላችኋል። ክፍያ ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም።

ይሁንና ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ትቶ የሞተን ሰው ጀናዛ፣ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ሳይሰግዱበት መቆየታቸውን እናስታውስ።

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ! ጥሬ ገንዘብ ካለህ አቅምህ የሚችለውን አነስተኛ ቤት ግዛ፤ ለጥገናና ለክፉ ቀንም አስቀር። ካልሞላልህ ከምታምነው ወንድምህ ጋር ድርሻችሁን በጽሑፍ አስፍራችሁ በሽርክና ግዙ። ሙራበሓ የምትገባ ከሆነም ራስህን ጠይቅ፤ ቤቱ ስድስት ወር ባዶ ቢቀመጥ የወሩን ክፍያ ከሌላ ገቢህ ትችላለህን? ካልቻልክ ሰብር አድርግ። ዘግይቶ የመጣ ሐላል ቤት፣ ፈጥኖ መጥቶ በሐራጅ ከሚሄደው ይሻላል።

አላህ ሐላል ሲሳይ ይወፍቀን።