የአንጮቴ ዘመድ የሆነው የቆላ ሐረግ፦ አለያየቱና አተካከሉ
(የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በመልካ ጀብዱ የቀረበ ንግግር)







አንጮቴ በወለጋ፣ በኢሉ አባቦርና በጅማ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚያለማው የዱባ ቤተሰብ ሐረግ ነው። የሚበላው ሥሩ ሲሆን ተቀቅሎ በቅቤና በቅመም ተለውሶ ለመስቀል ይቀርባል። በካልሲየም ይዘቱ የታወቀ ነው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ መመገብም በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው።

«ታዲያ አንጮቴን እዚህስ ለምን አናለማም?» የሚል ጥያቄ በአባላት ዘንድ መነሳቱ ተገቢ ነው። አንጮቴ የሚስማማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ባለውና ጥሩ ዝናብ በሚያገኝ መሬት ነው። ድሬዳዋ ግን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን የዓመቱ ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዘሩን ከሩቅ አምጥቶ በሰፊው መዝራት ገንዘብንም የአንድ ዓመት ድካምንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ለቆላ የሚስማማው ሌላው የአንጮቴ ዘመድ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ኮክሲኒያ ግራንዲስ ይባላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች በቁጥቋጦና በአጥር ላይ በተፈጥሮ ይበቅላል። ሥሩ ከመሬት በታች ምግብና ውኃ ስለሚያከማች ድርቅ ቢመታው እንኳ ዝናብ ሲመለስ እንደገና ያቆጠቁጣል። በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬው እንደ አትክልት ወጥ ይሠራበታል፤ ለጋ ቅጠሉም ይበላል።

ይሁን እንጂ ከመትከል በፊት ማወቅ ይቀድማል። የዱባ ቤተሰብ ምግብም መርዝም ያለበት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች ማስተዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ አበባው ነጭና ትልቅ ሲሆን አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይመስላል።
ሁለተኛ፣ ፍሬው ሞላላና ልሙጥ ነው። ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል።
ሦስተኛ፣ በድጋፍ ላይ የሚጠመጠመው ክር አይከፈልም፤ አንድ ወጥ ነው።

የምድር እምቧይ ፍሬ ግን ሸካራና እሾሃማ ነው። ሐረግ ሬሳም ቀይ ፍሬ ቢያፈራም አበባውም ፍሬውም እጅግ አነስተኛ ነው። በአሸዋማ መሬት ላይ የሚሳበው ትንሽ ሐብሐብ መሳይ ፍሬም አለ፤ እጅግ መራራ ሲሆን ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ መዘንጋት የለበትም፤ የዱባ ቤተሰብ የሆነ ፍሬ ከመረረ አይበላም። መራራውን መርዝ እሳት አያጠፋውም፤ ቢቀቀልም መርዝነቱ አይለቅም። ይህኛው ሐረግ ራሱ መራራም ጣፋጭም ዓይነት አለው። ስለዚህ እናቶች ፍሬውን ድስት ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት ጥቂት ቆርጠው በምላስ ጫፍ ቀምሰው ይትፉት፤ ከመረረ ይጣል። ልጆችም ከአጥር ላይ ያገኙትን ቀይ ፍሬ ሁሉ እንዳይበሉ በቤትም በትምህርት ቤትም ይነገራቸው።

ወደ አተካከሉ ስንመጣ፣ ይህ ሐረግ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ነው። ፍሬ የሚሰጠው ሴቱ ብቻ ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይታወቅም። አንድ አባል ሃያ ችግኝ ገዝቶ፣ በሞተር ውኃ እየሳበ ወራት ከደከመ በኋላ ግማሹ ወንድ ሆኖ ቢገኝ ኪሳራው የቤተሰቡ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአበባው ሥር ትንሽ ፍሬ የመሰለ እብጠት ካለ ሴት ነው፤ ቀጭን ዘንግ ብቻ ከሆነ ወንድ ነው። ከታወቀች፣ ፍሬዋም ከማይመር ሴት ሐረግ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው የእርሳስ ውፍረት ያህል ቁራጭ ይወሰዳል። ብስባሽ በተቀላቀለበት ጉድጓድ ይተከላል፤ በመካከሉም ሁለት ሜትር ያህል ይተዋል። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ሰው የሚደርስበት ቁመት ያለው ጠንካራ ድጋፍ ይሠራለታል፤ ውኃ እንዳይተኛበትም ይጠበቃል። ፍሬው ሳይቀላ ይለቀማል፤ የፍሬ ዝንብ የወጋው ደግሞ ተለቅሞ በጥልቀት ይቀበራል።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሐረግ በሃዋይና በጉዋም ደሴቶች ከሰው ቁጥጥር ወጥቶ ዛፎችን እየሸፈነ አስቸግሯል። በሃዋይ እሱን እንዲያጠቃ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሳት እስከ መልቀቅ ተደርሷል። በአገራችን የተፈጥሮ ጠላቶቹ አብረውት ስለሚኖሩ ያን ያህል ላይከፋ ይችላል። ቢሆንም ቀይ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ስለሚበትኑት ፍሬው ሳይበስል መልቀምና ሐረጉን በየጊዜው መግረዝ የአልሚው ግዴታ ነው።

ስለዚህ ኃላፊዎች ችግኝ በቁጥር ለማከፋፈል ከመቸኮላቸው በፊት ዩኒየኑ በጥቂት ፈቃደኛ አባላት ጓሮ ሙከራ ቢያስጀምር ይመረጣል። ምን ያህል ውኃ እንደጠጣ፣ ምን ያህል ፍሬ እንደሰጠና ገበያው እንዴት እንደተቀበለው በመዝገብ ይያዝ። ውጤቱ በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ይስፋፋ ወይስ ይቅር የሚለውን አባላት ራሳቸው ይወስኑ።