እጅ መንሣትና ደጅ ማንኳኳት



ሰው ወደ ሰው በቀረበ ጊዜ ከጉዳዩ አስቀድሞ የሚያቀርበው ሰላምታውን ነው። የሰላምታን ቃላት የመረመረ እንደ ሆነ፥ አንድ ሕዝብ አክብሮትን በምን አኳኋን እንደሚገልጽ ያስተውላል።

ቻይናዎች ለታላቁ ሰላምታቸው «ኮውቶው» የሚል ቃል አላቸው። «ኮው» ማንኳኳት፥ «ቶው» ራስ ማለት ነው። ይኸው «ኮው» የተባለው ቃል ደጅ ለማንኳኳትም ይነገራል። እንግዲህ በንጉሥ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ከመሬት የሚያስነካ ሰው፥ እንደ ቃሉ ከሆነ ምድርን በራሱ ያንኳኳል። የቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ሦስት ጊዜ መንበርከክን፥ ዘጠኝ ጊዜ ግንባርን ማስነካትን ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሎርድ ማካርትኒ ይህን አልፈጽምም ብሎ በአንድ ጕልበቱ ብቻ ተንበረከከ። እ.ኤ.አ. በ1912 ሪፐብሊክ ሲቆም ግን ሥርዐቱ ቀርቶ፥ «ጁጎንግ» የተባለው ወገብን ዝቅ የማድረግ ሰላምታ ተተካ።

የእኛ ቋንቋዎች ደግሞ እጅን ይመርጣሉ። አማርኛ ጐንበስ ብሎ ማክበርን «እጅ መንሣት» ይለዋል። በቦኬና በጭሮ ገበያ የሚነገረው ኦሮምኛ ሰላምታ መስጠትን «ሀርካ ፉዹ» ይለዋል፤ እጅ መቀበል ማለት ነው። ራስ ምድርን ከሚያንኳኳበት ይልቅ እጅ እጅን የሚቀበልበት ሰላምታ ሁለቱን ሰዎች ያቀራርባል።

ስለ ደጅ የሆነ እንደ ሆነ የእኛም ቃላት ብዙ ናቸው። ደጃዝማች የሚለው ማዕርግ የተገኘው ከደጅ ነው። ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ በጌታ በር የሚሰነብት ሰው «ደጅ ጠና» ይባል ነበር። በጎረቤት ግን «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ይበቃል፤ ለገባው እንግዳም «ኖር!» እየተባለ ይነሡለታል። በቦኬ አብዛኛው ሕዝብ በሚከተለው በእስልምና ትምህርትም፥ እንግዳ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ካላገኘ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነገሩ እናንተን የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታል። ባለጉዳዩ ገበሬ ከቦኬ ገጠር በእግሩ መጥቶ፥ ፈቃድ ጠይቆ፥ መልስ ሲያጣ ቢመለስ ልማዱን መጠበቁ ነው፤ መብቱ ግን በበሩ ላይ ቀረ። ጐንበስ ብሎ ቢገባና ሹሙ ከመዝገቡ ቀና ሳይል «ነገ ና» ቢለው፥ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ አብሮ ሊቀር ይገባው የነበረው ደጅ ጥናት በቢሮ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

እጅ መንሣት በፈቃድ ሲሆን ጨዋነት ነው፤ ተገዶ የሚሆን እንደ ሆነ ግን ውርደት ነው። ልዩነቱንም የሚወስነው እጅ የተነሣው ሰው ነው። ስለዚህ በራችሁ ሲንኳኳ «ይግቡ» በሉ፤ ሽማግሌ ሲገባ ተነሡ፤ «አንተ» ከማለት «እርስዎ» በሉ፤ በኦሮምኛም «ኢሲን» በሉ። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ ደብዳቤም አይጠበቅም።