የናፍጣ ሞተር በሞቃት አየር የቅድሚያ ማሞቂያ ያስፈልገዋልን?

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በቆላ የሚሠራ ሾፌር «ፀሐዩ አሙቆልኛል» በማለት የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቅ ቁልፉን ያዞራል። መካኒኩ በበኩሉ ለማንኛውም ሞተር «አሙቀህ አስነሣ» ይላል። የሁለቱም ሐሳብ ከፊል እውነት አለው፤ ልዩነቱን ካለመረዳት የሚመጣው ጉዳት ግን በባትሪ፣ በሞተሪኖና በፒስተን ላይ ያርፋል።

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከብልጭታ ሳይሆን ከታመቀ አየር ሙቀት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ያስመሰከረው ሞተር የተመሠረተው በዚሁ መርሕ ነው። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር ሃያ ሁለት እጥፍ ሲታመቅ በተለመደው ስሌት ወደ 620 ዲግሪ ይደርሳል፤ 10 ዲግሪ የሆነው ደግሞ ወደ 560 ዲግሪ። በውጭ ያለው የ20 ዲግሪ ልዩነት በውስጥ 60 ያህል ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን ሞተሪኖ ሞተሩን ቀስ ብሎ በሚያዞርበት ጊዜ ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይሸሻል፤ አየሩም በፒስተኑ ፋሻ በኩል ያፈተልካል። በዚህ መንገድ የሚባክነው ሙቀት ከ60 ዲግሪ እጅግ ሊበልጥ ስለሚችል የአየሩ ጠባይ ብቻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የማቃጠያው ክፍል አሠራር ነው። ፕሮስፐር ሎራንዥ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያገኘበት የቅድመ ማቃጠያ ክፍልና ከእርሱ ጋር የሚቀራረቡት አሠራሮች አየሩን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ትንሽ ክፍል ያስገባሉ፤ የክፍሉ ግድግዳም ብዙ ሙቀት ይመጥጣል። በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች የሚታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ከዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሲቆም አድሮ ከሆነ በቆላም ቢሆን ማሞቅ ይገባል። ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ የሚረጭበት ሞተር ግን ሙቀቱን ስለሚቆጥብ በሞቃት አየር ብዙውን ጊዜ ያለማሞቂያ ይነሣል፤ ከትልልቅ የጭነት መኪና ሞተሮችም ብዙዎቹ የማሞቂያ ካንዴላ የላቸውም። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች የውኃውን ሙቀት ለክተው ራሳቸው ይወስናሉ፤ የሾፌሩ ድርሻ መብራቱን መታዘዝ ነው።

ሞቃት አገርና ሞቃት ሞተር አንድ አይደሉም። ሠርቶ ገና የቆመ ሞተር፣ ውኃው እስከ ሞቀ ድረስ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን በአብዛኛው ማሞቂያ አይሻም። በሌላ በኩል ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የወጣ መኪና ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያድራል፤ በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ሲሆን ንጋቱም ቀዝቃዛ ነው። በቆላ ሳይሞቅ መነሣት የለመደው ሞተር በዚያ ጠዋት እምቢ ቢል ሊያስደንቅ አይገባም።

እምቢ ያለውን ሞተር ደጋግሞ ማዞር ባትሪን ያደክማል፣ ሞተሪኖን ያቃጥላል፤ ያልነደደው ናፍጣም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ከዚህ የከፋው የማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ ኤተር መንፋት ነው። የጋለው ካንዴላ ኤተሩን ያለጊዜው ስለሚያነድደው ፒስተን ሊሰነጠቅ፣ የአየር ማስገቢያውም ሊፈነዳ ይችላል።

በሞቃት አየር በቀላሉ ይነሣ የነበረ ሞተር ሲያስቸግር በቅድሚያ እያንዳንዱ ካንዴላ በመለኪያ ይፈተሽ፤ የአንዱ መበላሸት በሚነሣበት ጊዜ በመንቀጥቀጥና በነጭ ጭስ ይታወቃል። ሁሉም ደኅና ከሆኑ የባትሪው ኃይልና የሞተሪኖው ፍጥነት፣ ቀጥሎም የሲሊንደሮቹ እመቃ ይለካ። የቆላ ሙቀት የደከመን ሞተር ለጊዜው ሊሸፍን ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ግን መኪናው ከነጭነቱ ደጋ ላይ ባደረበት ጠዋት ነው።