አረንጓዴ ሪፖርት፣ የቆመ ሥራ፦ የድርጅት ኔትወርክን ስለመከታተልና ስለማሳወቅ



ለዚህ የሕዝብ ገለጻ ርእስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ ባልደረቦቼ ከወቅቱ አነጋጋሪ ጉዳዮች አንዱን እንደማነሣ ጠብቀው ነበር። እኔ ግን እንደ ተራ የጥገና ሥራ የሚታየውን መረጥሁ፤ የአንድን ድርጅት የኮምፒውተር ኔትወርክ አፈጻጸም መከታተልና ውጤቱን ለኃላፊዎች ማሳወቅ። ምርጫዬ ከመጽሐፍ የመነጨ አይደለም። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በእጄ ያዘጋጀሁት ሪፖርት በአንዲት ሠራተኛ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ነበር።

በርካታ ቅርንጫፎች ያሉት አንድ ድርጅት የክትትል ሥርዓት እንድዘረጋለት በአማካሪነት ወሰደኝ። ሥርዓቱ በዋናው መሥሪያ ቤት በሚገኝ ሰርቨር ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በየአምስት ደቂቃው ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው በፒንግ ነው። ትንሽ ፓኬት ይልካል፣ ምላሽ ካገኘ ቅርንጫፉ «አለ» ይባላል። ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ጻፈው፤ ስሙንም ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት በባሕር ውስጥ ከሚለቀቀው የሶናር ድምፅ ወሰደ። ሁለተኛው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤስኤንኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት የሚቀርብ ነው፤ ራውተሩ በመስመሩ ስንት ባይት እንዳለፈ የመዘገበበትን ቆጣሪ ያነባል። የሁለት ንባቦችን ልዩነት ለ300 ሰከንድ ስናካፍል አማካይ ፍሰቱን እናገኛለን። በየወሩ ወደ ቤታችሁ የሚመጣውን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ አስቡት። ምን ያህል እንደተጠቀማችሁ ያውቃል፤ በየትኛው ምሽት አምፖሉ እንደፈዘዘ ግን አያውቅም።

አሠራሩን እኔ አልፈጠርሁትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ የሚገኘው ዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በአንዲት 64 ኪሎቢት መስመር ነበር። በዚያ ይሠራ የነበረው ቶቢያስ ኦቲከር የመስመሯን መጨናነቅ በሥዕል የሚያሳየውን ኤምአርቲጂን ጻፈ። ለዚያ ቦታ ተገቢው ጥያቄ «መስመሩ ሞልቷል ወይ?» የሚል ነበር። እኛም መሣሪያውን ከነጥያቄው ወረስነው፤ ጥያቄው የእኛ መሆን አለመሆኑን ግን አልመረመርንም።

ወርኃዊው ሪፖርት አንድ ገጽ ነበር። ከ99.5 በመቶ በላይ የተገኘ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። አሁን የምነግራችሁ ቅርንጫፍ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። በአንዱ ወር የተመዘገበለት 99.8 በመቶ ነበር፤ የመስመሩ አማካይ አጠቃቀምም ከዐሥር በመቶ አይበልጥም። እኔም በግርጌው «መስመሩን ማሳደግ አያስፈልግም» ብዬ ጻፍሁ። በዚያው ወር የቅርንጫፉ ገንዘብ ተቀባይ ደንበኞችን ታጉላላለች ተብላ ተከሰሰች። «ሲስተሙ ይቆማል» ብላ መልስ ሰጠች። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የቴክኖሎጂ ክፍሉን ጠየቀ፣ ክፍሉም የእኔን ገጽ አያይዞ ላከ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ይህን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ቅርንጫፉ በሄድሁ ጊዜ ነው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣችና «ዶክተር፣ እባክዎ ይህንን ይዩልኝ» አለችኝ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ለስንት ደቂቃ እንደቆመና በዚያች ቅጽበት ምን ትሠራ እንደነበር በመስመር ተሰምሮ ተጽፏል። «3፡40፣ ስድስት ደቂቃ፣ ደረሰኝ አልወጣም።» ገጾቹን ሳገላብጥ መቆሙ ሦስቱ መስኮቶች እኩል በሚሠሩበት ሰዓት እንደሚበዛ፣ በምሳ ሰዓት ግን ፈጽሞ እንደሌለ አየሁ።

ደብተሩን ከእኔ ግራፍ ጋር አስተያየሁት። በእነዚያ ሰዓታት የእኔ መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። እኔ ዝቅታውን ጸጥታ ብዬ አንብቤዋለሁ። በእውነቱ መስመሩ ዝቅ ያለው መሸከም ስላቃተው ነው።

ምክንያቱ በራውተሩና በቅርንጫፉ ስዊች መካከል ተገኘ። የራውተሩ ወደብ በእጅ ሙሉ ዱፕሌክስ ሆኖ ተቀምጧል፤ ማለትም እየሰማ ይናገራል። ስዊቹ በራሱ ይደራደር ዘንድ ተትቷል። በእጅ የተቀመጠ ወደብ ደግሞ አይደራደርም። ስዊቹ ፍጥነቱን ከምልክቱ ቢረዳም ዱፕሌክሱን ማወቅ ስለማይችል፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ፣ ማለት ተራ ጠብቆ ወደ መናገር ይወርዳል። አንዱ ተራ ሲጠብቅ ሌላው ሳይጠብቅ ይናገራል። ሥራ ሲበዛ ይጋጫሉ፣ ፓኬቶች ይጠፋሉ፣ ላኪው እየቆየ ይደግማል። ብቻዋን የምትጓዝ ትንሽ የፒንግ ፓኬት ግን የሚያጋጥማት ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ትደርሳለች። መሣሪያዎቹ ግጭቱንና የተበላሹትን ፓኬቶች ሁልጊዜ ቆጥረዋቸው ነበር። የስሕተት ቆጣሪዎቹ ዐምድ በመጀመሪያው ረቂቄም ነበረ፤ ኃላፊዎቹ «ያደናግራል» ስላሉኝ እኔው አወጣሁት።

ስለ 99.8 በመቶም ጥቂት ልበል፤ ተማሪዎቼ በዚህ ቁጥር በቀላሉ ይረካሉና። የሠላሳ ቀን ወር 720 ሰዓት ነው። የጎደለው 0.2 በመቶ ወደ 86 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ቅርንጫፉ የሚሠራው 22 ቀን በቀን ስምንት ሰዓት፣ ማለት 176 ሰዓት ከሆነና 86ቱ ደቂቃ በሥራ ሰዓት ካለፈ፣ ቁጥሩ ወደ 99.2 ይወርዳል፤ አረንጓዴነቱም ይቀራል። ሌሊቱና እሑዱ ማንም ሳይጠቀምበት ለእኛ ነጥብ ይሰበስቡልን ነበር። የመስመር አጠቃቀምን በ95ኛው ፐርሰንታይል ማሳወቅም ያው ነው። በአምስት ደቂቃ ልዩነት በወር ከሚሰበሰቡት 8,640 ናሙናዎች ከፍተኛዎቹ 432 ይጣላሉ፤ ይህም 36 ሰዓት ነው። ለሂሳብ መጠየቂያ ተስማሚ ዘዴ ነው። የገበያ ቀን ላለው ቅርንጫፍ ግን የተጣሉት 36 ሰዓታት ዋናዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ይሁን የሚሉ ኃላፊዎችን አልቃወምም፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚያው ገጽ ላይ ግን ልኬቱ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደተደረገና ምን እንዳልተለካ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። የእኔ ልኬት የሚያበቃው ራውተሩ ላይ ነበር፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችው ከራውተሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች አንድ ኮምፒውተር ከሠራተኞቹ አጠገብ አስቀምጬ እንደ እነርሱ ደረሰኝ እንዲጠይቅና የፈጀበትን ጊዜ እንዲመዘግብ አደረግሁ፤ በገጹም ላይ ከወሩ አማካይ በፊት የከፋውን ሰዓት አስቀደምሁ። ይህ ሠራተኛን መሰለያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ወደቡን ለማስተካከል አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማስጠንቀቂያውን ከግል ማኅደሯ ለማስወጣት ግን ስምንት ወር ወሰደ። ሪፖርቴ የእርሷን ሥራ እንደማይለካ በፊርማዬ ጻፍሁ፤ ኮሚቴው «ታዲያ ቀድሞ ለምን አረንጓዴ ተባለ?» ብሎ መለሰልኝ፤ ሁለተኛም ጻፍሁ። የደብተሩን ቅጂ በፈቃዷ ወሰድሁ። የኔትወርክ አስተዳደር ትምህርት የምትወስዱ ተማሪዎች የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ሥራችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ስሟን ሸፍኜዋለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።