ስንተኛ? ከማንስ ጋር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ካርዳችንን ይዘን ወደ ቤት በምንገባበት ቀን የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። አንደኛ የወጣ ይሳማል፤ ሦስተኛ የወጣ ግን «ምን ነካህ?» ይባላል። ዛሬ በተፈቀደልኝ አጭር ጊዜ፥ ሦስተኛ በመውጣቱ ይበልጥ ልናከብረው ስለሚገባን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ይህ ተማሪ ዳታን ሪትዘንሃይን ይባላል። አሜሪካዊ ሲሆን የተማረው በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በሮክፎርድ ከተማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1999 ዓ.ም.፥ የመጨረሻው ክፍል ሳይደርስ፥ ለመላው አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተደረገው የአገር አቋራጭ ሩጫ አንደኛ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ክብሩን ለመጠበቅ በፍሎሪዳ፥ ኦርላንዶ ከተማ እንደገና ተሰለፈ። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሚገቡበትም ከአራቱ የአገሪቱ ክፍሎች በማጣሪያ ተለይተው የመጡ ብቻ ናቸው።

በዚያ ቀን አብረውት የቆሙት ልጆች እንዲያው ዝም ብለው የሚታለፉ አልነበሩም። አንዱ አላን ዌብ ሲሆን፥ ይህ ልጅ በ2001 ዓ.ም. አንድ ማይል በ3 ደቂቃ ከ53.43 ሴኮንድ ሮጦ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይደፈር የኖረውን የአሜሪካ ተማሪዎች ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። ሌላው ራያን ሆል በ2007 ዓ.ም. ግማሽ ማራቶንን በ59 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ የፈጸመው ነው። ሆኖም ዳታን አንደኛ፥ ዌብ ሁለተኛ፥ ሆል ሦስተኛ ሆኑ።

እንግዲህ ዳታን ሁለት ጊዜ የአገሩ አሸናፊ ሆኗልና በዚህ ቢያበቃ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ወደ ዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሄደ። ውድድሩ በደብሊን እንዲደረግ ታስቦ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የከብት በሽታ በመነሣቱ ግን ወደ ቤልጅግ አገር፥ ወደ ኦስተንድ ከተማ ተዛወረ። መሬቱ እግር የሚይዝ ጭቃ ነበር። በወጣቶቹ መስመር ላይ የቆመው ደግሞ የአርሲው፥ የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ ነው። ሁለቱም ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ የእኛ እኩዮች መሆናቸው ነው። ቀነኒሳ 7.7 ኪሎ ሜትሩን ከተከታዩ በ33 ሴኮንድ ቀድሞ ጨረሰ። ዳታን ሦስተኛ ወጣ።

ከኦርላንዶው አንደኝነትና ከኦስተንዱ ሦስተኝነት የትኛው ይበልጣል? ሰዓቱን በማየት ልንፈርድ አንችልም፤ አገር አቋራጭ ሩጫ አንዱ በሣር፥ አንዱ በጭቃ፥ አንዱም በዳገት ላይ የሚሮጥ ስለሆነ የአንዱ ቦታ ሰዓት ለሌላው መስፈርት አይሆንም። ስለዚህ የሚቀረን መለኪያ «ከማን ጋር ሮጠ?» የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ከተመዘነ፥ በዓለም ፊት የተገኘው ነሐስ በአገር ቤት ከተገኘው ወርቅ የሚያንስ አይመስለኝም።

ቀነኒሳም ቢሆን በዚያው ሻምፒዮና በአዋቂዎቹ አጭር ርቀት ሁለተኛ ወጥቷል። በሚከተለው ዓመት ተመልሶ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስም በየዓመቱ ሁለቱን አልለቀቀም። ዳታንም በ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአገር አቋራጭ አሸናፊ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. በዙሪክ፥ ያው ቀነኒሳ ባሸነፈበት የ5,000 ሜትር ውድድር፥ 12 ደቂቃ ከ56.27 ሴኮንድ በመሮጥ በጊዜው የአሜሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከስምንት ዓመት በፊት በጭቃው የቀደመውን ሰው መከተል አላሳፈረውም፤ እንዲያውም አፈጠነው።

ይህን ስል አንደኛ መውጣት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ በስንፍና ሦስተኛ የወጣም በዳታን ስም አይሸሸግ። በአገሩ ያልበረታ ለኦስተንድ አይመረጥም። ነገር ግን ጓደኞቼ፥ በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጡት ሁሉ ባንድ ወንበር ተደርድረው ይጠብቁናል፤ ከመካከላችንም አንደኛ የነበረው ሃያኛ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን፥ ያን ቀን ማንነታችን ይታያል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

መምህራኖቻችን ሆይ፥ በሩጫም በክርክርም ከእኛ ከሚበረቱት ትምህርት ቤቶች ጋር አጋጥሙን። ወላጆቻችን ሆይ፥ «ስንተኛ?» ብላችሁ ስትጠይቁን «ከማንስ ጋር?» የሚለውን ጨምሩልን። መልሳችን ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።